የእድር መዝገብን አፕ ማድረግ፦ አዲሱ የዲዛይንና የሶፍትዌር አሠራር በአንድ ሥራ ላይ፣ ደረጃ በደረጃ

ስለ አዳዲስ የአፕ አሠራሮች የሚወራው ብዙ ነው። መስታወት የመሰለ ስክሪን፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ዌብሳይት፣ ጨለማ ገጽታ። ስማቸውን ማወቅ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው የሚለው ነው። ይህ ደግሞ እንዲሁ በወሬ አይወሰንም። አንድ የሚጨበጥ ሥራ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አንድ ሥራ ይዘን እንሄዳለን፦ የእድር አባላትን፣ ወርሃዊ መዋጮንና ውዝፍን የሚመዘግብ አፕ። እድርን የመረጥኩት የአማርኛ አፕ የሚፈተንበት ነገር ሁሉ አንድ ላይ ስለሚገኝበት ነው። የሰው ስም አለ። በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ ቀን አለ። ገንዘብ አለ። ስልክ ይዘው ትንንሽ ጽሑፍ ማንበብ የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ኔትወርክ የማይገባበት አዳራሽ አለ። አዲስ አበባ ላለ የሰፈር እድርም፣ ውጭ አገር ላለ መረዳጃ ማኅበርም ይሆናል።

ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት በመጠኑ ለሚያውቅ ሰው ነው የጻፍኩት። ስለ ቴክኖሎጂ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ መዝገቡን እዩ

የእድሩን ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የየወሩ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ፊርማ ታገኛላችሁ። ዳር ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈውንም አንብቡ። «ሚስቱ ከፍላለች»፣ «በሚቀጥለው ወር አብሮ»፣ «አረብ አገር ሄዳለች፣ ወንድሟ ይከፍላል»። አፑን የሚያሳምረው እነዚህን ማስተናገድ መቻሉ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ያለውንማ ማንም ይሠራዋል።

ከዚያ በስብሰባ ቀን ጸሐፊው አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ይመጣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ይሄዳል። ኋላው ሰልፍ አለ። በዚያች ደቂቃ ጸሐፊው የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስሙን ቶሎ ማግኘት፣ ውዝፍ ካለ ማየት፣ መክፈሉን መመዝገብ። የመጀመሪያው ስክሪናችሁ ይሄው ነው። ግራፍ፣ ዳሽቦርድና የእንኳን ደህና መጡ ሥዕል ይቅር።

ደረጃ 2፦ የአፑን ዓይነት መምረጥ

ፕሌይ ስቶር ላይ የሚጫን አፕ፣ የቴሌግራም ቦት ወይም ፕሮግረሲቭ ዌብ አፕ መሥራት ትችላላችሁ። ለዚህ ሥራ የእኔ ምርጫ የመጨረሻው ነው።

ፕሮግረሲቭ ዌብ አፕ ማለት በብራውዘር የሚከፈት፣ ነገር ግን እንደ አፕ ስልኩ ላይ የሚቀመጥና ኔትወርክ ሳይኖርም የሚሠራ ዌብሳይት ነው። ስሙ የወጣለት በ2015 ነው። አይፎን ላይ በቁም ነገር መሥራት የጀመረው ግን ሳፋሪ በ2018 ሰርቪስ ወርከርን ከተቀበለ በኋላ ነው። ሰርቪስ ወርከር ከገጹ ጀርባ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ገጹ አንድ ነገር ሲጠይቅ መሃል ገብቶ «ይህማ እኔ ጋ አለ» ብሎ ከስልኩ ይሰጣል። ስለዚህ አፑ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም ይነሳል። ዲዛይኑን ለማሻሻል አባላትን «አፕዴት አድርጉ» እያላችሁ አትለምኑም። የሚያወርዱት ነገርም ጥቂት ስለሆነ የሰው ፓኬጅ አይበላም።

የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ኤችቲቲፒኤስ ያለው አድራሻ፣ የአፑን ስምና አይከን የያዘ የማኒፌስት ፋይል፣ እና ሰርቪስ ወርከሩ። ሰርቪስ ወርከሩ ሲጫን ገጹን፣ ሲኤስኤሱን፣ ጃቫስክሪፕቱንና ፎንቱን ስልኩ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። የአባላቱን ዳታ ግን በዚህ መንገድ አታስቀምጡ። እሱ ራሱን የቻለ ቦታ አለው፣ ደረጃ 7 ላይ እንደርስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ወጥመድ አለ። ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ ሰው ለሰባት ቀን የብራውዘር አጠቃቀም ያልነካውን ዌብሳይት ዳታ ከስልኩ ላይ ይሰርዛል። እድር ደግሞ በወር አንዴ ነው የሚሰበሰበው! መነሻ ገጽ ላይ የተጫነ አፕ ግን ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። ስለዚህ አይፎን ለያዘ ጸሐፊ «ወደ መነሻ ስክሪን ጨምር» የሚለውን እርምጃ ራሳችሁ አብራችሁት አድርጉ። በአንድሮይድም ቢሆን አፑ ብራውዘሩን ቋሚ ማስቀመጫ እንዲጠይቅ አድርጉት፣ አንድ መስመር ኮድ ነው።

ደረጃ 3፦ ስክሪኑንና የስክሪኑን ቃላት አብሮ መሥራት

ስክሪኑን ፊግማ በተባለው የዲዛይን መሣሪያ ላይ ወይም ወረቀት ላይ ሳሉት። ስፋቱን ከ360 ፒክስል ጀምሩ። ብዙ ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች እዚያ አካባቢ ናቸው። መሙያ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ አትዋሱ። እውነተኛውን ርዝመት የሚያሳይ ስም ጻፉ፣ ለምሳሌ «ወይዘሮ ወለተሚካኤል ገብረእግዚአብሔር ተክለሃይማኖት»። በዚህ ስም ያልፈረሰ ዲዛይን በሌላው አይፈርስም።

የሚነኩ ነገሮችን ሰፋ አድርጉ። በ2023 የወጣው ደብሊውሲኤጂ 2.2 የተባለው የተደራሽነት ደረጃ ዝቅተኛውን 24 በ24 ፒክስል ያደርገዋል። የጉግል ማቴሪያል ዲዛይን 48 ይላል። ለእድር 48ቱን ያዙ። «ከፍሏል» የሚለው ቁልፍ ከታች፣ አውራ ጣት በሚደርስበት ይሁን። ገንዘብ ያዡ በላፕቶፕ የሚያይ ከሆነ ኮንቴይነር ኩዌሪ የሚባለውን ተጠቀሙ። ከ2023 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ይዘውታል። የአባል ካርዱ ራሱ በተቀመጠበት ቦታ ስፋት ልክ ይስተካከላል።

አሁን ወደ ቃላቱ። ብዙ የአማርኛ አፕ የሚበላሸው እዚህ ነው። እንግሊዝኛው ቁልፍ ማንንም ሳይለይ ያዛል። በእኛ ግን «አስገባ» ብትሉት ለወንድ ነው፣ ያውም ለታናሽ። የሰባ ዓመት እናት የሚነኩትን ቁልፍ እንዲህ ማናገር ደስ አይልም። መጀመሪያ ላይ ወስኑና በአንዱ ጽኑ። ወይ «ይመዝግቡ»፣ «ይፈልጉ» በሉ፤ ወይ ደግሞ «መዝግብ» ከሚለው ወጥታችሁ «ምዝገባ»፣ «ፍለጋ» በሉ። እኔ ለቁልፍ ስሙን፣ ለመልእክት አንቱታውን እመርጣለሁ።

ሌላው «ሰርዝ» ነው። ብዙ አፕ የጀመሩትን ነገር ለመተውም፣ ዳታን ለማጥፋትም «ሰርዝ» ይላል። «ይህን ክፍያ መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠይቆ ከሥሩ «ሰርዝ» እና «እሺ» ቢያቀርብ ማን ይገባዋል? «ክፍያው ይጥፋ» እና «ይቆይ» በሏቸው። ሰው ጥያቄውን ሳያነብ ቁልፉን ብቻ አይቶ መረዳት አለበት።

ደረጃ 4፦ ፊደሉ እንዲነበብ

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ያሳየዋል። ማሳየትና በደንብ ማስነበብ ግን ለየቅል ናቸው።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ብትጠቀሙ ጥሩ ነው። በነፃ ይገኛል። ቫሪያብል የሚባለውም ዓይነት አለው፤ ቀጭኑም ወፍራሙም በአንድ ፋይል ይመጣል። ዎፍ2 በሚባለው ለዌብ በተጨመቀ የፎንት ቅርጽ አስቀምጡትና ሰርቪስ ወርከሩ እንዲይዘው አድርጉ። ፎንት ዲስፕሌይ የሚለውን ስዋፕ በሉት። እንዲህ ከሆነ ፎንቱ እስኪወርድ ሰው ባዶ ስክሪን አያይም፣ በስልኩ ፎንት እያነበበ ይቆያል።

የመስመር ቁመቱ ለላቲን የሚመከረው ለኛ ይጠባል። ፊደሎቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቁመታም ናቸው። ላይን ሃይቱን 1.6 ወይም 1.7 አድርጉትና በዓይናችሁ ፍረዱ። ወፍራም ጽሑፍን ለርዕስና ለስም ብቻ ያዙት። በትንሽ መጠን ሲወፍር የጩ፣ የጿ፣ የቿ ቀዳዳ ይዘጋል። 16 ፒክስል ላይ «ጩ»ን በወፍራሙ ጽፋችሁ ከስልክ ላይ ክንድ ያህል ርቃችሁ እዩት። ከተድፈነፈነ መካከለኛውን ውፍረት ውሰዱ።

አቢይና ንዑስ ሆሄ የለንም። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ዲዛይን «ርዕሱ በአቢይ ሆሄ» ሲል ለኛ ምንም አይሠራም። ርዕሱን በመጠን ወይም በቀለም ለዩት። ያዘመመ ጽሑፍም እንደዚሁ። ፎንቱ ዘመም ያለ ቅርጽ ከሌለው ብራውዘሩ በግድ ያጋድመዋል፣ ያስጠላል። ፎንት ሲንተሲስን «ነን» ብላችሁ ዝጉት።

ሁለት ነገር ልጨምር። የገጹን ላንግ «ኤኤም» በሉት፣ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም አማርኛ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። መጠኖችንም በፒክስል ሳይሆን ከተጠቃሚው የጽሑፍ መጠን ጋር አብሮ በሚያድገው በሬም ስጡ። ስልካቸው ላይ ጽሑፍ አተልቀው የሚጠቀሙ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አፑ የእነሱን ምርጫ ሊያከብር ይገባል።

ደረጃ 5፦ ስምና ፍለጋ

የዚህ አፕ ልብ ይህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

የምዝገባ ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ቦታ አይኑር። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይበቃል። አያቱን ግዴታ አታድርጉት። ዝርዝሩ የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ከውጭ የተወሰደ ዝግጁ ኮድ በመጨረሻው ስም ከደረደረ እድሩ በሙሉ በአያቱ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ለጸሐፊው አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተሩ አምስት። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አባል ከሚታየው ስም ሌላ የተደበቀ «የፍለጋ ስም» ማስቀመጥ ነው። የሚታየው ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቆይ። «ሠናይት» ያለችን «ሰናይት» ብላችሁ አታርሟት። የፍለጋ ስሙ ላይ ግን እንዲህ ቀይሩ፦ ሐ፣ ኀ እና ኸ ከነቤተሰባቸው ወደ ሀ ቤት፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ። ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፣ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ። ሰው የሚፈልገውንም ቃል በዚያው ወንፊት አሳልፉና አወዳድሩ። ስትደረድሩም በፍለጋ ስሙ ደርድሩ። ያለዚያ ኃይሉና ሀይሉ የዝርዝሩ ሁለት ጫፍ ላይ ይወድቃሉ።

ከዚያ ክፍተት። ገብረ መድኅን፣ ገብረመድህን፣ ገ/መድህን። የፍለጋ ስሙ ላይ ክፍተቱን አጥፉ፣ አጽሕሮቱን ዘርዝሩ። ገ/ ሲመጣ ገብረ፣ ተ/ ሲመጣ ተክለ፣ ኃ/ ሲመጣ ኃይለ። ወ/ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ወ/ማርያም ወልደ ማርያም ነው፣ ወ/ሮ ወይዘሮ፣ ወ/ሪት ደግሞ ወይዘሪት። ስለዚህ መጀመሪያ ማዕረጎቹን ለይታችሁ አውጡ፣ ከዚያ በኋላ የቀረውን ዘርዝሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ «ወልደሮ» የሚባል ሰው ይወለዳል።

አንድ የኪቦርድ ነገርም አለ። ብዙ ሰው አማርኛ የሚጽፈው በድምፅ ነው፤ መጀመሪያ «ህ» ይመጣና አናባቢው ሲጨመር «ሃ» ወይም «ሄ» ይሆናል። ፍለጋችሁ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር የሚሠራ ከሆነ ገና ባላለቀ ፊደል ይፈልግና «አልተገኘም» ይላል። በዚያ ላይ በአንድሮይድ ብዙ ኪቦርዶች የትኛውም ቁልፍ ቢጫን 229 የሚል አንድ ቁጥር ነው የሚልኩት። ስለዚህ ኪዳውን የሚባለውን ትታችሁ ኢንፑት የሚባለውን ክስተት አዳምጡ፣ ፊደሉ ተሠርቶ እስኪያልቅም ጠብቁ።

ደረጃ 6፦ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር

መርሁ አንድ ነው፦ በፈረንጆቹ አስቀምጡ፣ በእኛ አሳዩ። ዳታቤዙ ውስጥ መደበኛው ዓለም አቀፍ ቀንና ሰዓት ይቀመጥ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን «ጥቅምት 12 ቀን 2018» ይሁን።

ለማሳየቱ ተጨማሪ ላይብረሪ አያስፈልግም። ብራውዘሮች ውስጥ ያለው ኢንትል የሚባለው መሣሪያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። የካሌንደሩን ዓይነት ኢትዮፒክ ማለት ብቻ ነው። ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት የቀን መሣሪያም አቆጣጠሩን ይደግፋል። በ2025 ፋየርፎክስ ይዞት ወጥቷል። ለጊዜው ግን ጸሐፊው የያዘው አሮጌ ስልክ እንዲሠራ ኢንትል ላይ ቆዩ።

ቀን ማስገባት ሌላ ጉዳይ ነው። ብራውዘሩ የሚያወጣው ዝግጁ ካሌንደር የፈረንጅ ብቻ ነው። የራሳችሁን ሥሩ። አትፍሩት፣ የእኛ አቆጣጠር ከነሱ ይቀላል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ ሦስት መምረጫዎች አስቀምጡ። አሥራ ሁለቱ ወራት ሁሌም 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ነው፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ 6 ይሆናል። 2015 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፣ ጳጉሜንም 6 ነበር። እድሩ በጳጉሜን መዋጮ ይሰበስብ እንደሆነ ደግሞ ጠይቁ። ይህን ሳትጠይቁ አሥራ ሦስት ወር ብታስቡ አባል ሁሉ ያልነበረበት ውዝፍ ይወጣበታል።

ኮዱን መፈተኛ ቀኖች እነሆ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023። መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11፣ 2024። እና የዐድዋ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1፣ 1896። በዘመናችን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ ላይ 29ኛ ቀን ስላልጨመሩ ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጨምሯል። ስለዚህ ልዩነቱን በቋሚ ቁጥር የሚያሰላ ኮድ ዐድዋ ላይ ይያዛል።

ሰዓትን አትርሱ። ኢንትል ቀኑን እንጂ ሰዓቱን ወደ እኛ አይቀይርም። ስብሰባው «እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» እንዲል ስድስት ሰዓት ቀንሱ፣ «ከጠዋቱ»ንም አብራችሁ ጻፉ። ውጭ አገር አባል ካላችሁ ከጎኑ የእነሱን ሰዓት አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ገንዘብ እንዳይጠፋ

ድሮ አፕ ማለት ሰርቨር ላይ ያለውን ማሳያ ነበር። አሁን እየበረታ የመጣው አካሄድ ሎካል ፈርስት ይባላል። ኢንክ ኤንድ ስዊች የተባለ የምርምር ቡድን በ2019 ሐሳቡን በስፋት አቀረበው። ዳታው መጀመሪያ ስልኩ ላይ ይጻፋል፣ ሰርቨሩ በኋላ ይደርሰዋል። ከሁሉም አዳዲስ ነገሮች ለእኛ አገር የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። «ከፍሏል» ሲነካ ክፍያው ኢንዴክስድ ዲቢ በሚባለው የብራውዘሩ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል። እዚያው «ያልተላከ» የሚል ምልክት ይያያዛል። ኔትወርክ ሲመጣ አፑ ያልተላኩትን ወደ ሰርቨር ይልካል፣ መድረሳቸው ሲረጋገጥ ምልክቱን ያነሳል። ከጀርባ ሆኖ የሚልከው መሣሪያ ሳፋሪ ላይ ስለሌለ አፑ በተከፈተ ቁጥር ራሱ እንዲሞክር አድርጉ።

ሁለት ነገር ካላደረጋችሁ ግን ሒሳቡ ይዛባል። አንደኛ፣ «የአቶ እከሌ ውዝፍ 400 ብር» የሚል ቁጥር አታስቀምጡ። ክፍያዎችን አንድ በአንድ አስቀምጡ፣ ውዝፉን ሁልጊዜ ደምሩት። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በየስልካቸው በአንድ ጊዜ ሲመዘግቡ አንዱ የሌላውን ቁጥር እንዳያጠፋ መከላከያው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍያ ገና ስልኩ ላይ ሲፈጠር የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ኔትወርኩ መሃል ላይ ቢቆረጥና አፑ ደግሞ ቢልክ፣ ሰርቨሩ መለያውን አይቶ «ይህን ተቀብያለሁ» ይላል። አንድ 200 ብር ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። የተሳሳተ ክፍያም አይጠፋ፤ ማን መቼ እንዳረመው የሚያሳይ ሌላ መስመር ይጨመርበት። የሰው ገንዘብ ነው፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ ለጸሐፊው በቃላት ይታየው። ከስሙ አጠገብ «ስልኩ ላይ ተቀምጧል»፣ ሲላክ ደግሞ «ተልኳል» ይበል። የሚሽከረከር ክብ ለማንም አይነግርም።

ለከፈለ ሰው ኤስኤምኤስ መላክ ከፈለጋችሁ ርዝመቱን ቁጠሩ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱም 67 ይይዛል፣ ሒሳቡም የሁለት መልእክት ይሆናል። «ወ/ሮ አልማዝ፣ የጥቅምት መዋጮ 200 ብር ደርሶናል። እናመሰግናለን።» 43 ሆሄ ነው። ረጅም ስም ቢገባበትም ይበቃዋል።

ደረጃ 8፦ ኮዱን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር መጻፍ

በፌብሩዋሪ 2025 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ «ቫይብ ኮዲንግ» የሚል ስም ካወጣ ወዲህ፣ ኮዱን ሳያዩ በማውራት ብቻ አፕ መሥራት ፋሽን ሆኗል። ለሙከራ ጥሩ ነው። የሰው መዋጮ ለሚይዝ አፕ ግን አላደርገውም። መሣሪያውን ተጠቀሙበት፣ የሚጽፈውን ግን አንብቡ።

እነዚህ መሣሪያዎች የተማሩት በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ኮድ ነው። ዝም ብላችሁ «የአባል መመዝገቢያ ሥራልኝ» ካላችሁት የቤተሰብ ስም፣ የፈረንጅ ካሌንደርና በአቢይ ሆሄ የሚጮኽ ርዕስ ያመጣል። ስለዚህ በፕሮጀክቱ ውስጥ አንድ የሕግ ፋይል ጻፉና ሁልጊዜ እንዲያነበው አድርጉ። ከላይ ያሉትን ደረጃዎች በአጭሩ አስፍሩበት፦ የስም አወቃቀር፣ የሞክሼ ፊደላት ዝርዝር፣ ቀን በምን ተቀምጦ በምን እንደሚታይ፣ ውዝፍ እንደማይቀመጥ።

ከዚያ ሥራውን ቆራርሳችሁ ስጡት። መጀመሪያ ፈተናውን አስጽፉት። የቀኖቹን ዝርዝርና የስሞቹን ጥንዶች እናንተ ስጡ። እነዚህን የሚያልፍ ኮድ ከዚያ በኋላ ይጻፍ። የፈተናውን መልስ እሱ ራሱ እንዲያወጣ ከፈቀዳችሁለት፣ ስህተቱን ከነማስረጃው ይሰጣችኋል።

የእውነተኛ አባላትን ስምና ስልክ ለመሣሪያው አትለጥፉ። የፈጠራ ስም ይበቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖር እንኳ እነዚያ ሰዎች ስልካቸውን የሰጡት ለእድራቸው ነው። መሣሪያው የሚጽፈውን አማርኛ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሰዋስው ሳይጎድለው ማንም የማይናገረው ዓረፍተ ነገር ያወጣል።

ደረጃ 9፦ መልኩ

አፕል በጁን 2025 ሊኩዊድ ግላስ የተባለውን መስታወት መሰል ገጽታ አስተዋወቀ። ያምራል። ለእድር መዝገብ ግን ተዉት። ከጀርባው የሚያሳልፍ ነገር ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ፀሐይ ላይ አይነበብም፣ ማደብዘዣውም ርካሽ ስልክን ያንቀራፍፋል። የጽሑፉና የጀርባው የቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። ቀይና አረንጓዴ ብቻ አይቶ ውዝፍን መለየት የማይችል ሰው ስላለ «ውዝፍ» የሚለው ቃል ራሱ ይጻፍ። ጨለማ ገጽታ ስልኩ ከጠየቀ ስጡት፣ በሲኤስኤስ ጥቂት መስመር ነው። በቻት የሚሠራ አፕም ይቅርባችሁ። ሰልፍ ቆሞ ማንም አያወራም፣ መንካት ይፈጥናል።

ደረጃ 10፦ መፈተንና ማስረከብ

ክሮም ውስጥ ላይትሃውስ የሚባል ገጽን የሚመዝን መሣሪያ አለ፣ አስኪዱት። ዋናው ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ። ገጹ ሲከፈት ከቦታው የሚናጥበት መጠን ከ0.1 አይብለጥ፤ ፎንት ሲቀየር የሚዘል ጽሑፍ ይህንን ያበላሻል። ተነክቶ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ ከ200 ሚሊሰከንድ በታች ይሁን፤ ይህ አይኤንፒ የሚባለው መለኪያ በማርች 2024 ኤፍአይዲ የተባለውን የቀድሞ መለኪያ ተክቷል፣ በሰው ስልክ ላይ ነው የሚለካው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ዝጉና ስልኩን ያዙ። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ አምስት ክፍያ መዝግቡ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ኔትወርክ ክፈቱ፣ አምስቱ መድረሳቸውን እዩ። የስልኩን ጽሑፍ ወደ ትልቁ መጠን ከፍ አድርጉና ቁልፎቹ እንዳልተደራረቡ ተመልከቱ። ደጅ ወጥታችሁ ፀሐይ ላይ አንብቡ። ቀጥሎ ስልኩን ለጸሐፊው ስጡትና ዝም በሉ። እጁ የቆመበትን ቦታ ጻፉ። «እዚህ ጋ ይንኩ» ማለት ካስፈለጋችሁ ስክሪኑ ነው መታረም ያለበት።

የወረቀቱ መዝገብ ወዲያው አይቀር። ለጥቂት ወራት ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱና በየወሩ ድምሩ ይመሳከር። ሪፖርት ወደ ኤክሴል የምታወጡ ከሆነ የሲኤስቪ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ ዩኒኮድ መሆኑን የሚናገረውን ቦም የሚባለውን ምልክት አስገቡ። እሱ ከሌለ ኤክሴል አማርኛውን አያውቀውም፣ በስም ፋንታ የተዘበራረቀ ምልክት ይደረደራል።

የእድር ኮሚቴ በምርጫ ይለወጣል። ስለዚህ አፑ በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ወይም በእናንተ የግል ኢሜይል አይከፈት። እድሩ የራሱ አድራሻ ይኑረው፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ሙሉ መብት ይያዝ። የዶሜን ስሙ የሚታደስበት ቀን፣ የሰርቨሩ ሒሳብ የሚከፈልበት መንገድና ባክአፑ ያለበት ቦታ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከማኅተሙ ጋር ይቀመጥ።